የዝግ መስኮቶች አገር

እኔ ባደግሁባት አገር ነፋስ ወንጀለኛ ነበር።

የአገሪቱን ስም ብጠራላችሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ስሟን በወጉ የሚጠሩት ሰዎች እያለቁ ስለሆነ፣ ያለ ወጉ ከምጠራት ዝም ማለት ይሻለኛል። ጎረቤቶቻችን «የዝግ መስኮቶች አገር» ይሉን ነበር። ስድብ አልመሰለንም፤ እንዲያውም በሠርግ ዘፈናችን ውስጥ አስገብተነው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከነገሥታቱ ሁሉ በፊት በነበረው ንጉሥ ነው። ያ ንጉሥ ከግብር ተነሥቶ፣ ላቡ ሳይደርቅ መስኮት አጠገብ ተቀመጠና ብርድ መታው። አፉ ወደ ግራ ጆሮው ተጣመመ። እንደተጣመመ ገዛ፣ እንደተጣመመ ሞተ። መኳንንቱም ለክብሩ ሲሉ በአፋቸው ግራ ጎን ብቻ መናገር ጀመሩ። በእኛ ዘመን ምክንያቱን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነበር፤ ልማዱ ግን እንዳማረበት ቀጥሏል። ትልቅ ሰው አፉን ወደ ግራ ጎትቶ ሲናገር የሚሰማ ሰው፣ ምንም ባይገባው እንኳ መከበሩ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ መስኮት ሁሉ ተዘጋ። አንድ የውጭ አገር እንግዳ «የማትከፍቱትን መስኮት ለምን ትሠሩታላችሁ?» ብሎ ሽማግሎቻችንን ጠይቆ ነበር ይባላል። ሽማግሎቹ አዘኑለት። «መስኮት ከሌለ ታዲያ ምኑን እንዘጋለን?» ብለው መለሱለት። እንግዳው ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ አገሩ ገባ።

ትምህርት ቤት ሁሉ የራሱ ሊቀ መስኮት ነበረው። የእኛው ሊቀ መስኮት ጓንጉል ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ካባ የሚደርቡ፣ በእጃቸው የአውራ ዶሮ ላባ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ ላባቸውን በየመስኮቱ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው ያሳልፉታል። እኛ ልጆቹ ላባውን እኛው እንዳናንቀሳቅሰው ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። ላባው ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ሊቀ መስኮት «ገባ!» ብለው ይጮሃሉ። ዘበኞች በጭድ የተቦካ ጭቃ ይዘው ይሮጣሉ፣ ቀዳዳውን ይመርጉታል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ደግ ዘመን ነበር። ጠላታችን ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር።

ያን ክፍል እስከ ዛሬ በዓይኔ አየዋለሁ። ወንበሩ ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን በገዛ ትንፋሻችን እንሞቃለን። እኩለ ቀን ሲሆን ግድግዳው ያልበዋል። መስታወቱ በጉም ይሸፈንና በጣታችን ፊደል እንጽፍበታለን፤ «ሀ» ብለን የጻፍናት ወደ ታች እየፈሰሰች እግሯ ይረዝማል። የእርጥብ ጋቢ ሽታ፣ ከኪስ የሚወጣ የቆሎ ሽታ፣ የጎረቤት ትኩስ ትከሻ። ያን የመሰለ ሙቀት ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁም።

ደግሞም ሳላችን። የብርዱ ወር ሲገባ ሳሉ በበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ይነሣና ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ይሻገራል። «ዛሬ የት ደረሰ?» እየተባባልን እንጠብቀዋለን። ክፍል ሁሉ የራሱ ሳል ነበረው፤ እናቶች ከሜዳው ማዶ ሆነው «ይኼ የእኔ ልጅ ክፍል ነው» ብለው ይለዩት ነበር። አንዳንዱ ልጅ በብርዱ ወር ሄዶ አይመለስም። ያን ጊዜ የቀረነው ክርናችንን ዘርጋ አድርገን እንቀመጣለን። ሰፋ ብሎ መቀመጥ የብርዱ ወር በረከት ነው ይሉን ነበር፤ እኛም እናመሰግን ነበር።

በወሩ መጨረሻ ታላቁ የሳል ጉባኤ ይሆናል። ከቤተ መንግሥት የትንፋሽ ቢትወደድ ይመጡና የየክፍሉን ሳል ያዳምጣሉ። ሳሉ ከጉሮሮ ከሆነ ትምህርቱ ገና ነው ማለት ነው፤ ከደረት ከመጣ ግን ትምህርቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደንቡ እንዲህ ነበር። በብርዱ ወር ሳልን ፈርቶ ከክፍል የቀረ ልጅ ደግሞ «ከሳል የሸሸ» ይባላል። ስሙ ከወንበሩ ላይ ይፋቃል፤ ተመልሶም አይቀመጥም።

ሳጥኑ የመጣው እኛ መምህርት ደብሪቱ ዘንድ ስንማር ነው። መምህርት ደብሪቱ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ሹማምንት ፊት ሲቀርቡ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ሰው ሁሉ ፈሪ ናቸው ይል ነበር።

ከባሕር ማዶ ያለ የንጉሣችን ወዳጅ ለየክፍሉ አንዳንድ ነጭ ሳጥን በስጦታ ላከ። ሳጥኖቹን ያመጣው መልእክተኛ በግቢው መካከል ቆሞ አስረዳን። «ይህ ሳጥን የክፍሉን አየር እየሳበ፣ ሳሉን ከልጅ ወደ ልጅ የሚያጋባውን ዓይን የማያየውን ነገር በውስጡ ባለው ወንፊት ያስቀራል። ንጹሑን ይመልሳል። ልጆቹ ባሉበት ክፍል አስቀምጡት፣ መብራት ስጡት፣ ምንም ነገር አትደርቡበት። መስኮትም ብትከፍቱ አይከፋም።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር አንዲት እናት የልጇን ጆሮ ደፈነች።

መልእክተኛው ሳጥኑን አበራው። ሊቀ መስኮት ጓንጉል ቀረብ ብለው ላባቸውን ዘረጉ። ላባው ከእጃቸው አምልጦ በረረና መልእክተኛው ግንባር ላይ ተለጠፈ።

«ገባ!» ብለው ጮሁ ሊቀ መስኮት። ዘበኞች ጭቃ ይዘው ሮጡ። መልእክተኛው ሳጥኑን በደረቱ ባይከልለው ኖሮ ያን ዕለት ተመርጎ ይቀር ነበር።

ሹማምንቱ ተሰበሰቡ። ሳጥኑ ነፋስ ነው፤ ይህ ተረጋግጧል። ግን የንጉሥ ስጦታ ነው፤ የንጉሥ ስጦታ አይታሰርም። ብዙ ከመከሩ በኋላ ፍርዱ ተነበበ፦ ይከበራል፣ አይበራም።

ተከበረም። አንዱ በሊቀ መስኮት ቢሮ፣ ከጠረጴዛቸው ጎን ተቀመጠ። አቧራ እንዳይነካው የሊቀ መስኮት ባለቤት በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ለበሰ። በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ኋላ የንጉሡ ፎቶግራፍ ተደረገ። እንዲያ አምሮበት ላየው ሰው፣ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ብልግና ይመስል ነበር። የቀሩት ሳጥኖች ለክፉ ቀን ይቀመጡ ተብሎ ዕቃ ቤት ገቡ። ሰኞ ሰኞ እኛ በሰልፍ እየገባን እጅ እንነሣለን። ሊቀ መስኮት «ልጆች፣ ጤና በቢሮ አለ?» ይላሉ። «አለ!» እንላለን እየሳልን። ወደ ቤተ መንግሥትም ሳጥኖቹ ሥራ ጀምረዋል ተብሎ ተነገረ።

የብርዱ ወር ገባ።

ከእኛ ጋር ወለላ የምትባል ልጅ ነበረች፣ የኮርቻ ሠሪው የይርዳው ልጅ። ታላቅ ወንድሟ አግማሴ ባለፈው ብርድ ቦታውን ለእኛ ለቆልን ሄዷል። ወለላ ንባብ ትወድ ነበር። በእረፍት ሰዓት እኛ ስንጋፋ እሷ የበሩን ማስታወቂያ ታነባለች። ሳሉ ያን ዓመት እሷ ዘንድ ቶሎ ደረሰ።

አባቷ አንድ ጠዋት እጇን ይዘው ክፍሉ በር ላይ ቆሙ።

«መምህርት፣ እሑድ ቤት ስትውል ትንፋሿ ይመለሳል። እዚህ ስትውል ደረቷ እንደ ዋሽንት ያፏጫል። እንደ ወንድሟ ነው የሚያፏጨው። ድምፁን አውቀዋለሁ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አሉ መምህርት ደብሪቱ።

«ባስቀራት ስሟ ይፋቃል፤ መሃይም ሆና ትቀራለች። ባስገባት… ከፊደሏና ከእሷ አንዱን ምረጥ ነው የተባልኩት እኮ!»

«አባዬ» አለች ወለላ፣ «ሰኞ የማነበው እኔ ነኝ። ተረኛ ነኝ።»

«አንቺ ዝም በይ። ትንፋሽሽን ቆጥቢ።»

መምህርት ደብሪቱ መሬት መሬት አዩ። «ጋሼ፣ እስከ ሰኞ ቤት ያቆዩልኝ። እንግዳ መጥቶባት ነው እላለሁ። ከሰኞ በኋላ ካልሆነልኝ፣ እኔም አልከለክልዎትም።»

ያን ዕለት ወደ ሊቀ መስኮት ቢሮ ገቡ። እኔ ጠመኔ እንዳመጣ ተልኬ በሩ ላይ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ጌታዬ፣ ሳጥኑን ለልጆቼ ያውሱኝ።»

«ሳጥን አይዋስም!» አሉ ሊቀ መስኮት አፋቸውን ወደ ግራ ስበው። «አንዴ የተቀመጠ ክብር ከቦታው አይነሣም። ደንብ ነው።»

«ልክ ነዎት። ልጆችስ ይነሣሉ?»

«ልጆች ምን ክብር አላቸውና! ይነሣሉ።»

«እንግዲያው ልጆቼን ወደ ሳጥኑ ላምጣቸው። ሰኞ ብቻ እጅ መንሣት አንሶባቸው ልባቸው ተቃጥሏል። ቀኑን ሙሉ እጅ ቢነሡስ ይከፋል?»

ሊቀ መስኮት ካባቸውን አስተካከሉ። «ቀኑን ሙሉ?»

«ከደወል እስከ ደወል።»

«እንዲህ ያለ ልጅ አሁንም ተወልዶልናል?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይምጡ። ይምጡ እንጂ!»

«እጅ እየነሡ ፊደል ቢቆጥሩ…»

«ድምፃቸው ሳጥኑን ካልረበሸው ምን ቸገረኝ!»

ቢሮው ከክፍላችን ይሰፋ ነበር። ሰኞ ወንበሮቻችንን ተሸክመን ገባን። ወለላም በአባቷ ጀርባ ላይ ሆና መጣችና ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ሳጥኑ ግን ለብሶ ቁጭ ብሏል፤ አይተነፍስም።

መምህርት ደብሪቱ ጎንበስ ብለው ዳንቴሉን አዩት፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ። «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ዳንቴሉ አድፏል። የንጉሡ ፎቶግራፍ ባደፈ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ሰው ቢያይ…»

ሊቀ መስኮት ደነገጡ። ዳንቴሉ ወዲያው ተገፎ ታጠበና በክፍሉ ጥግ ተሰጣ። መቼም በእኛ አገር የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ ነፋስ የለማ። እኛ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ለብሰን ነው ያደግነው። ዳንቴሉም እየተንጠባጠበ ሰነበተ። ሳጥኑ ራቁቱን ቀረ።

«ምስኪን» አሉ መምህርት ደብሪቱ ሳጥኑን እያዩ። «እንግዳ ሰው፣ ያውም በብርዱ ወር። ብርድ ቢመታውስ?»

ሊቀ መስኮት ካባቸውን ማውለቅ ጀመሩ። መምህርታችን ፊታቸው ሲለወጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ካባዎን? አይሆንም! እርስዎን ብርድ መትቶዎት እኛ ምን ይውጠን? እሱ እኮ መብራት ካገኘ በራሱ ይሞቀዋል።»

ሊቀ መስኮት ጓንጉል ትንሽ አሰቡ። እንግዳን ማሞቅ ማብራት አይደለም፤ ስለዚህ ፍርዱ አልተጣሰም። በገዛ እጃቸው ሶኬቱን ሰኩ። ሳጥኑ እም… ብሎ ተነሣ። ላባቸውን ቢዘረጉ ላባው ተርገፈገፈ።

«ተነቃነቀ!»

«ይንቀጠቀጣል ጌታዬ። ገና አልሞቀውም።»

«ምስኪን» አሉ ሊቀ መስኮትም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ወር ከባድ ነበር። መጀመሪያ የኋላው ወንበር ሳል ጠፋ። ከዚያ የመካከሉ። ያሳደገንን ነገር እንዲህ በቀላሉ ማጣት ያሳዝናል። አንዱ ጓደኛችን ሳሉ ሲተወው የራሱን ድምፅ ሰማና ደንግጦ አለቀሰ። የወለላ ደረት ማፏጨቱን ቀስ በቀስ ተወ። አባቷ ሥራቸውን ትተው በቢሮው በር ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ይውላሉ። «ጋሼ፣ ምን ይሰማሉ?» ሲሏቸው «ምንም» ይላሉ። «ምንም አልሰማም!» እያሉ ይስቃሉ። በሌሎቹ ክፍሎች ግን ልጆቹ ሰፋ ሰፋ እያሉ ይቀመጡ ነበር። መምህርት ደብሪቱ የቻሉትን ያህል ከእነሱ እየሰረቁ ወደ እኛ አስገቡ፣ ተጨማሪ እጅ ነሺ ብለው።

የሳል ጉባኤ ቀን ደረሰ። ወላጆች ግቢውን ሞሉት። የትንፋሽ ቢትወደድ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የጎረቤታችን ክፍል ሳለ። ግሩም ሳል ነበር። «ይኸኛውስ እስከ ጉበቱ ተምሯል!» አሉ ቢትወደድ።

የእኛ ተራ ሆነ። «ሳሉ!»

ሞከርን። የምንችለውን ያህል ሞከርን። ጉሮሮውን የሚጠርግ ሽማግሌ እንኳ ከዚያ የተሻለ ድምፅ ያወጣል።

ቢትወደድ ዓይናቸውን ገለጡ። «አንቺ ሴትዮ፣ የመንግሥትን ሳል የት አደረስሽው?»

መምህርት ደብሪቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው መሬት አዩ። ያን ጊዜ ወለላ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ሳል የለኝም። ባነብልዎትስ?»

መልስ አልጠበቀችም። በግቢው ግድግዳ ላይ የተጻፈውን የመስኮት ደንብ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ያ ደንብ የተጻፈው ሰው በአንድ ትንፋሽ እንዳይጨርሰው ተደርጎ ነበር። እሷ ግን አንዴም ሳትሰናከል ዘለቀችው። አባቷ በጋቢያቸው አፋቸውን ያዙ።

«ይቺ የይርዳው ልጅ አይደለችም? የምታፏጨው?» አለች አንዲት እናት።

«እሷው ናት።»

«ታዲያ የእኔን ልጅ እዚያ ቤት ያላስገቡት ምን በድዬ ነው?» ድምጿ ከፍ አለ። ሌሎችም ተቀበሏት። ግቢው መንጫጫት ጀመረ።

ቢትወደድ እጃቸውን አነሡ። «ልጆቹ የት ሰነበቱ?»

«በእኔ ቢሮ» አሉ ሊቀ መስኮት፣ ያለቀላቸው መስሏቸው።

«በቢሮ!» ቢትወደድ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ገባኝ። ክብር ነው ያዳናቸው! የሹም ክብር ነው እንጂ ሌላ ምን አለ በቢሮ?»

«ጌታዬ፣ ሳጥኑ…» አሉ መምህርት ደብሪቱ።

«ሳጥኑማ እንግዳ ነው፣ ምን ያውቃል!»

እዚያው ፈረዱ። የክብር እጥረት ያለበት ክፍሉ ስለሆነ፣ ሹማምንቱ በሙሉ ወርደው በባዶው ክፍላችን ውስጥ ይቀመጡ፤ ክፍሉ በክብራቸው እስኪሞላ ልጆቹ በቢሮ ይቆዩ። የብርዱም ወር ለዚሁ ሲባል በአዋጅ ተራዘመ። ቢትወደድ ከሁሉ የበለጠ ክብር ስላላቸው ከፊተኛው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። መስኮቶቹ እንደገና ተመረጉ።

ሳሉ እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ተነሣ። በማዕረግ አልሄደም፤ ይህ ሹማምንቱን በጣም አስከፋቸው። ከበር ጠባቂው ዘሎ ወደ ቢትወደድ መጣ፤ ከዚያ ወደ ሊቀ መስኮት። ጥቂት ቀን እንደቆዩ የቢትወደድ ደረት ማፏጨት ጀመረ። ክብራቸው እስኪሠራ ታገሡ። አልሠራም።

«ሳጥኑን አምጡልኝ!» ብለው አዘዙ።

ዘበኞች ወደ ቢሮው መጡ። ወለላ ሳጥኑን አቅፋ ያዘችው። አንዱ ዘበኛ እጇን ሊያላቅቅ ሲል መምህርት ደብሪቱ በመካከል ቆሙ። ያን ጊዜ መሬት አላዩም።

«አንዴ የተቀመጠ ክብር ከቦታው አይነሣም። ደንብ ነው። ካላመናችሁ ሊቀ መስኮትን ጠይቁ።»

ዘበኞቹ ተመልሰው ጠየቁ። ሊቀ መስኮት ጓንጉል ደረታቸውን ይዘው እየሳሉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ደንብ አክብረው የኖሩ ሰው ናቸው። «ደንብ ነው ጌታዬ» አሉ እያለቀሱ። «ሳጥን አይነሣም።»

«እንግዲያው እኛ እንሂድለት!»

«ቦታ የለም። ልጆቹ እጅ እየነሡ ነው። እጅ የሚነሣ አይቋረጥም።»

«እየሞትኩ ነው እኮ!»

«ደንብ ነው ጌታዬ።»

እንግዲህ የሆነውን የነገረን በር ጠባቂው ነው። ቢትወደድ ከወንበሩ ተነሡ። ዙሪያቸውን አዩ። በብር የተለበጠውን በትራቸውን አንሥተው መስኮቱን መቱት። ጭቃው ተፈረፈረ፤ መስታወቱ ረገፈ። ነፋስ ገባ። ሊቀ መስኮት ራሳቸውን ሳቱ። ሹማምንቱ የቢትወደድ አፍ እስኪጣመም ፈዝዘው ጠበቁ። ቢትወደድ ግን አንገታቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ይተነፍሱ ነበር፣ ከውኃ እንደወጣ ሰው።

በማግስቱ አዋጅ ተነገረ። ነፋስ ጠባዩን ስላሻሻለ ምሕረት ተደርጎለታል። ሳጥኖቹም ከዕቃ ቤት ወጥተው በየክፍሉ ይቀመጡ፤ ራቁታቸውን ይሁኑ፣ መብራት ይሰጣቸው። ይህን ጥበብ ያገኙት ቢትወደድ ተመሰገኑ። ሊቀ መስኮት ጓንጉል ሊቀ ሳጥን ተብለው ተሾሙ። መምህርት ደብሪቱ ያለ ፈቃድ የመንግሥት ዳንቴል በማሳጠባቸው ተግሣጽ ተሰጣቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በትሕትና ተቀበሉ። የወለላ ስም ከወንበሩ አልተፋቀም።

አሁን አርጅተናል። የብርዱ ወር ሲገባ እኛ የጥንቶቹ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቅን እንቀመጣለን። የድሮው ሳል ይናፍቀናል። ከየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ማን አወቀ ማን ተሳሳተ እያልን፣ እየተወራረድን የምናዳምጠው ነገር ነበረን። ዛሬ ምንም የለም። አንዳንዴ ጸጥታው ይረዝምብናል። በእኛ ጊዜ ድምፅ የሌለው ክፍል፣ ልጅ የሌለው ክፍል ነበር። የዚያኔ አንዳችን ሳንናገር ሁላችንም እንነሣለን። እየተደጋገፍን፣ ልባችን እየመታ፣ ወደ መስኮቱ እንሄዳለን። ክፍት ነው። አንገታችንን እናስገባለን።

ወለላ ናት የምታስተምረው። ፀጉሯ ሸብቷል።

«እናንተ ሽማግሎች፣ ደግሞ ዛሬ ምን ጠፋባችሁ?» ትለናለች።

«ልጆቹ…» እንላለን። «ልጆቹ አሉ?»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች።

«ሁሉም አሉ» ትለናለች በሹክሹክታ። «እየጻፉ ነው።»